እኔ ጋበዝኩ፣ ወንድሜ ተደብቆ ቲፕ ጨመረ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዓምዳችሁን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ስጽፍላችሁ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ዕድሜዬ 52 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አስተማሪ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ከነቤተሰቡ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ይኖራል። አምና ጋብዞኝ ሄጄ አንድ ወር እነሱ ጋ ከረምኩ። ትኬቱን የቆረጠልኝ እሱ ነው። ያዞረኝም፣ ያበላኝም እሱ ነው። ልመለስ ጥቂት ቀን ሲቀረኝ “ዛሬስ የምጋብዛችሁ እኔ ነኝ” ብዬ አሌክሳንድሪያ ከተማ አንድ ምግብ ቤት ይዣቸው ሄድኩ። ለዚያች ቀን ብዬ ከአገሬ ያስቀመጥኳት ዶላር ነበረችኝ።

አራት ሆነን በላን። ሂሳቡ 106 ዶላር፣ ከታክሱ ጋር 118 ዶላር መጣ። 120 ሰጥቼ አስተናጋጇን “መልሱን ያዢው” አልኳት። እኛ አገር እንደምናደርገው ማለት ነው። ፊቷ ትንሽ ቅጭም ያለ መሰለኝ፤ ያኔ ግን ከምንም አልቆጠርኩትም። መኪና ውስጥ ልንገባ ስንል ወንድሜ “ስልኬን ረሳሁ” ብሎ ተመለሰ። ስልኩ መኪናው ውስጥ ነበር። በመስታወቱ አሻግሬ ሳይ ከኪሱ ገንዘብ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሃያ ዶላር መሆኑን በኋላ ልጁ በየዋህነት ነገረችኝ።

እኔም ምንም አላልኩም፣ እሱም ምንም አላለም። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አፈረብኝ ብዬ ተብሰለሰልኩ። ሚስቱ ድሮ አስተናጋጅ ነበረች፤ እሷስ ምን ብላኝ ይሆን? እውነቱን ለመናገር ተናድጃለሁም። ልጅቷ ቀጣሪ አላት። ቀጣሪዋ እያለ እኔ ለምን ልክፈላት? ሃያ ዶላር ለእኔ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

አሁን የወንድሜ ልጅ ሰኔ ላይ ከሃይስኩል ስለምትመረቅ እናታችንን ይዤ ልሄድ ነው። እናቴ ኤርፖርት ውስጥ በዊልቸር ነው የምትሄደው። ለሚገፏት ልጆች ይሰጣል አሉኝ። ብዙዎቹ ደግሞ የኛው ሰዎች ናቸው አሉ። ለአገሬ ልጅ ገንዘብ ሳቀብለው አይቀየመኝም? ስንመለስ ኢስታንቡል ሁለት ሌሊት እናድራለን፤ እዚያስ እንዴት ነው? ዘንድሮም ቤተሰቡን መጋበዝ እፈልጋለሁ፤ ግን ፈራሁ። ባለቤቴ “ከነጭራሹ ምግብ ቤት አትሂጂ” ይለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ቅር ያላት እህት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ አንድ ወር ሙሉ ሲጋበዙ ከርመው በአንዷ ቀን “ዛሬስ እኔ ነኝ” ማለት ምን ያህል ደስ እንደሚል ይገባኛል። ከአስተማሪ ደሞዝ ላይ የተጠራቀመ ገንዘብ ነው። ታላቅ እህት ነዎት። ያቺ ማታ ሙሉ በሙሉ የእርስዎ እንድትሆን ፈልገው ነበር። ወንድምዎ ከኋላ ገብቶ ሲጨምርበት ግብዣው የጎደለ ሆኖ ታየዎት። ያማል። ስለዚህ ተከፋሁ ማለትዎ ትንሽነት አይደለም።

እስቲ ግን ያቺን ሃያ ዶላር አብረን እንያት። አሜሪካ ውስጥ ተቀምጠው ለሚስተናገዱበት ምግብ የተለመደው ቲፕ ከታክስ በፊት ካለው ሂሳብ ላይ ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው። አሁን አሁን በከተሞቹ ወደ 20 ያደላል። የ106 ዶላር 20 በመቶ 21 ዶላር ከ20 ሳንቲም ነው። እርስዎ የተዉት 2 ዶላር፣ እሱ የጨመረው 20 ዶላር፣ ድምሩ 22። ወንድምዎ የእርስዎን 2 ዶላር ቆጥሮ የጎደለውን ብቻ ነው የሞላው። እህቱ ያዋረደችው የመሰለው ሰው እንዲህ አስልቶ የሚሞላ አይመስለኝም። “ስልኬን ረሳሁ” ያለውም በሚስቱና በልጁ ፊት እንዳይሳቀቁ ብሎ ነው። ይሉኝታ ይዞት ነው።

ቢሆንም በዚህ በኩል ከእሱ ጋር አልስማማም። ወንድምዎ ሊነግርዎት ይገባ ነበር። አንድ ወር ሙሉ አብራችሁ ስትወጡና ስትገቡ “እታለም፣ እዚህ አገር ቲፕ እንዲህ ነው” ለማለት ጊዜ አላጣም። ሁሌ የሚከፍለው እሱ ስለነበረ ነገሩን ለማየት እንኳ ዕድሉን አላገኙም። በማያውቁት ሕግ ተፈተኑ። ጥፋት ካለ ሲካፈል ለእርስዎ የሚደርስዎት ትንሹ ነው።

“ቀጣሪዋ እያለ እኔ ለምን ልክፈላት?” ያሉትን ጥያቄ እዚያው ተወልደው ያደጉ ሰዎችም ይጠይቁታል። መልሱ ያለው ሕጉ ውስጥ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ቲፕ ለሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ብቻ እንዲከፍል ይፈቅዳል። ይቺ ቁጥር ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፈቀቅ አላለችም። ቨርጂኒያም የምትከተለው ይህንኑ ነው። የቨርጂኒያ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ ከ12 ዶላር በላይ ሆኖ ሳለ አስተናጋጅ ከአሠሪዋ እጅ 2.13 ልትቀበል ትችላለች ማለት ነው። የቀረውን እንዲሞላው የተተወው ለእንግዳው ነው።

ሕጉ “ቲፑ ካልሞላ አሠሪው ይጨምር” ይላል። የሚታየው ግን የሳምንቱ ድምር ነው። አንድ ጠረጴዛ ባዶ ቢሆንባት ለዚያ ጠረጴዛ ብሎ የሚክሳት የለም። በዚያ ላይ በብዙ ቤቶች አስተናጋጇ ከምታገኘው ላይ ለባር ሠራተኛውና ጠረጴዛ ለሚያነሳው ልጅ ታካፍላለች። አንዳንድ ቤት ይህ ድርሻ የሚሰላው ከሸጠችው ምግብ ነው እንጂ ካገኘችው ቲፕ አይደለም። እንዲህ ባለ ቤት 106 ዶላር የተበላበት ጠረጴዛ 2 ዶላር ከተወላት ድርሻውን የምታወጣው ከሌላ ጠረጴዛ ካገኘችው ነው። ፊቷ ቅጭም ያለው ለዚህ ሊሆን ይችላል። እርስዎን ንቃ አይመስለኝም። የማታዋን ሂሳብ እያሰበች ይሆናል።

አመጣጡም ደስ አይልም። ቲፕ አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋው ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ነው። ከባርነት የወጡ ጥቁር ሠራተኞችን ምግብ ቤቶችና የባቡር ኩባንያዎች እየቀጠሩ፣ እዚህ ግባ የማይባል ደሞዝ እየሰጡ፣ ቀሪውን ከመንገደኛው እንዲለቅሙ ያደርጉ ነበር። የፑልማን ኩባንያ የመኝታ ባቡር አስተናጋጆች ታሪክ የታወቀ ነው። በ1938 እ.ኤ.አ. የዝቅተኛ ደሞዝ ሕግ ሲወጣ የምግብ ቤት ሠራተኞችን አላቀፈም። በ1966 እ.ኤ.አ. ሲካተቱ ደግሞ አሠሪው ቲፑን እንደ ደሞዝ አካል እንዲቆጥረው ተፈቀደ። እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ጥቂት ግዛቶች ይህንን አይፈቅዱም፤ ሙሉ ዝቅተኛ ደሞዝ ይከፈላል፤ ቲፕ መተው ግን እዚያም ልማድ ሆኖ ቀርቷል። አሠራሩ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ደሞዝ መክፈል ያለበት አሠሪ ነው። ግን ይህንን ቅሬታችንን ቲፕ በመንፈግ ብንገልጸው የሚጎዳው ባለቤቱ አይደለም፤ እሱ 118 ዶላሩን አግኝቷል። የምትጎዳው ሳህኑን ያመላለሰችው ልጅ ናት።

ስለዚህ አሜሪካ ሲሄዱ ቲፕን እንደ ምግቡ ዋጋ አካል ይቁጠሩት። ሜኑ ላይ ያለው ዋጋ ሙሉ ዋጋ አይደለም። ታክስና ቲፕ ሲጨመርበት አንድ ሦስተኛ ያህል ከፍ ይላል። ሜኑ ላይ 90 ዶላር የሚመስል እራት ከኪስ ሲወጣ 120 ገደማ ነው። ይህን ከአዲስ አበባ ሳይነሱ ካወቁ ሂሳቡ ሲመጣ ልብዎ አይደነግጥም። የሚያዙትንም በዚያው ልክ ይመርጣሉ።

አቅሜ ይህን አይችልም ካሉ ደግሞ መንገድ አለ። እኔ በጣም የምወደው ይሄኛውን ነው፤ ከቤት ሳትወጡ ለወንድምዎ “እራቱ የእኔ ነው፣ ቲፑ ግን ያንተ” ይበሉት። ብዙ ሰዎች እንዲህ ያደርጋሉ። በግልጽ ሲሆን አያሳፍርም። ባለፈው ተደብቆ ያደረገውን አሁን እያወቃችሁት፣ እየሳቃችሁ ያደርገዋል። ወይም ደግሞ ተሰልፈው አዘው፣ ራስዎ ትሪውን ይዘው የሚቀመጡበት ቤት ይጋብዟቸው። እንዲህ ያለ ቦታ እንደ ተቀምጦ መስተናገድ ያለ ቲፕ አይጠበቅም። ከፊትዎ ታብሌት አዙረው 18፣ 20፣ 25 የሚሉ ቁጥሮች ሲያሳዩዎት አይደናገጡ። “ኖ ቲፕ” የሚለውን መጫን ነውር አይደለም። ማኪያቶ ቆሞ ለመቀበል 20 በመቶ መጠየቅ በዝቷል የሚሉ አሜሪካውያን ብዙ ናቸው፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ብቻ ተቀምጠው እየተስተናገዱ ቲፑን መቀነስን አማራጭ አያድርጉት። ገንዘብ ሲያጥር የሚቀየረው የሚበሉበት ቦታ ይሁን።

ቤት ውስጥስ? በርበሬውን፣ ሽሮውን ከዚህ ይዘው ሄደው፣ እናትዎ ከጎንዎ ቁጭ ብለው፣ እርስዎ ዶሮ ሠርተው ሁሉንም ቢያበሉ ይህ ከየትኛው ምግብ ቤት ያንሳል? ይህን የምለው ምግብ ቤት ይቅር ከሚሉት ከባለቤትዎ ጋር ተስማምቼ አይደለም። እሳቸው እንዲህ የሚሉት እርስዎ እንዳይከፉ አስበው ነው። ግን ፈርተው መቅረት ሌላ፣ ወደው ቤት መጋበዝ ሌላ ነው። እርስዎ የትኛው ደስ ይልዎታል?

የምረቃው ሰሞን ግን ብዙ ሆናችሁ መውጣታችሁ አይቀርም። ያን ጊዜ ሂሳቡን ከመክፈልዎ በፊት እስከ ታች ያንብቡት። ስድስትና ከዚያ በላይ ሆነው ለሚመጡ ብዙ ቤቶች 18 ወይም 20 በመቶ ራሳቸው ይጨምራሉ። ድልድዩን ተሻግራችሁ ዋሽንግተን ዲሲ ከበላችሁ ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቁ። የዲሲ ነዋሪዎች በ2022 እ.ኤ.አ. የአስተናጋጆች መነሻ ደሞዝ ከፍ እንዲል ድምፅ ከሰጡ ወዲህ ብዙ ምግብ ቤቶች የሰርቪስ ክፍያ ብለው ሂሳቡ ላይ መጨመር ጀምረዋል። ከተጨመረ “ይህ ለአስተናጋጇ ይደርሳል?” ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የሚደርሳት ከሆነ በላዩ ላይ እንደገና 20 በመቶ አይጠበቅብዎትም። በካርድ የሚከፍሉ ከሆነ አስተናጋጇ ካርዱን ወስዳ አስቆርጣ ወረቀት ይዛ ትመጣለች። ወረቀቱ ላይ ቲፕ እና ቶታል የሚሉ ሁለት ባዶ መስመሮች አሉ። ቲፑን ጽፈው፣ ደምረው ይፈርማሉ። ብዙ ጊዜ ከታች የ18፣ የ20 በመቶው ስሌት ተሠርቶ ይቀመጣል። ካርድ ቢጠቀሙም ቲፑን ጥሬ ገንዘብ መተው ይችላሉ፤ የካርዱ ወረቀት ላይ ያለውን የቲፕ መስመር ያኔ ይሰርዙታል።

የእናትዎን ጉዳይ ትንሽ ላብራራው፤ ይህ ብዙ ሰው የሚጨነቅበት ነገር ነው። የዊልቸር አገልግሎቱ ራሱ ነፃ ነው። አየር መንገዱ ገንዘብ ሊጠይቅበት አይችልም። የሚገፋው ልጅም ቲፕ እንዲጠይቅ አይፈቀድለትም። ስለዚህ እጁን አይዘረጋም፤ እርስዎም ምንም እንደማይጠበቅ አድርገው ሊያስቡ ይችላሉ። ግን እናትዎን ከአውሮፕላኑ በር ተቀብሎ፣ በኢሚግሬሽን ሰልፍ አብሮ ቆሞ፣ ሻንጣ አስነስቶ እስከ መውጫው ያደርሳቸዋል። ለዚህ 5 ዶላር ጥሩ ነው። ሻንጣው ከበዛና ሰልፉ ከረዘመ 10 ዶላር ቢሰጡ አልበዛም። ገንዘቡን ከመነሳትዎ በፊት ዘርዝረው በተለየ ኪስ ይያዙት። እዚያ ደርሰው 100 ዶላር ይዘው መጨነቅ አያስፈልግም።

የአገርዎ ልጅ ከሆነስ? በአማርኛ “እንኳን ደህና መጡ እማማ” ሲላቸው እናትዎ ቀድመው ስለ ወላጆቹ መጠየቅ ይጀምራሉ። በዚህ መሃል ገንዘብ ማውጣት ዝምድናውን የሚያረክስ ይመስላል። አይደለም። ልጁ ቀኑን ሙሉ የሚገፋው ለእንጀራው ነው። አማርኛ ስለተናገርን የቤት ኪራዩ አይቀንስለትም። “ኧረ በፍጹም፣ እናቴ ናቸው” ሊልዎት ይችላል። የእውነቱንም ሊሆን ይችላል፣ ይሉኝታም ሊሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ደግመው “ለሻይ ትሁንህ፣ እናትህ ብትሆን አንተም ለሚረዳት ሰው እንዲህ ቢደረግ ደስ ይልሃል” ይበሉና እጁ ውስጥ ያድርጉለት። ከዚያም እምቢ ካለ አመስግነው ይተዉት። እናትዎ መመረቃቸው አይቀርም። ምርቃቱም ይኑር፣ አምስት ዶላሩም ይኑር። ይኸው ነገር በኢትዮጵያ ምግብ ቤቶችም ይሠራል። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ ክትፎ የምታቀርብልዎት ልጅ የምትተዳደረውም በዚያው የክፍያ ሥርዓት ነው።

ኢስታንቡል ቀላል ነው። ተቀምጠው ለሚበሉበት ምግብ ቤት 10 በመቶ ገደማ ከበቂ በላይ ነው። በሊራ፣ በጥሬ ገንዘብ ይተዉት፤ ካርድ ላይ ቲፕ መጨመር ብዙ ቦታ አይሆንም። ታክሲ ላይ ሂሳቡን ወደ ላይ ሞላ ማድረግ ይበቃል። የአሜሪካ ሳንቲም ግን ለማንም አይስጡ። እዚያ የሚመነዝርላቸው የለም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ወንድምዎ መጀመሪያ አሜሪካ የገባ ጊዜ ምን ሥራ ነበር የሠራው? ነግሮዎት ያውቃል? ሚስቱ አስተናጋጅ እንደነበረች ጽፈውልኛል። በዚያ ቤት ውስጥ እያንዳንዷን ዶላር ከጠረጴዛ ላይ እየለቀመች የቤት ኪራይ የከፈለች ሴት አለች። እሷ “ምን አይነት ሰው ናት” ብላ ፈርዳብኛለች ብለው እየተጨነቁ ነው። እኔ ደግሞ ከውጭ የመጣ እንግዳ ይህን እንደማያውቅ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት እላለሁ። ጃፓን ሄደው ቲፕ ጠረጴዛ ላይ ቢተዉ አስተናጋጁ ረስተውት መስሎት እየሮጠ ሊመልስልዎት ይችላል። ፈረንሳይ የአገልግሎቱ ክፍያ ዋጋው ውስጥ ተካቷል፤ ጥቂት ሳንቲም ይበቃል። አገር አገሩ የየራሱ አለው፤ ሳይነገረው የሚያውቀው ሰው የለም። ሰኔ ላይ አብራችሁ ወጥ ስትሠሩ “አስተናጋጅ ሳለሽ እንዴት ነበር?” ብለው ይጠይቋት። የሚሰሙት ታሪክ እርስዎንም እሷንም የሚያቀራርብ ይመስለኛል።

ከወንድምዎ ጋር ግን ከመሄድዎ በፊት ተነጋገሩ። ዓመት ሙሉ ዝም ያላችሁበትን ነገር ይዘው ምረቃው ላይ ባይቀመጡ ይሻላል። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። እንዲህ ሊሉት ይችላሉ፦ “አምና ስልኬን ረሳሁ ብለህ ስትመለስ አይቼሃለሁ። ተከፍቼ ነበር። የቲፑን ነገር አላውቅም ነበር፤ አሁን ገብቶኛል። ከእንግዲህ ግን ተደብቀህ አትሙላልኝ፣ ንገረኝ።” ይህንን በወቀሳ ድምፅ ሳይሆን እሱ ልጅ ሳለ ያናግሩት እንደነበረው አድርገው ይበሉት። ከዚያ ዝም ብለው ያዳምጡት። ምናልባት እሱም ዓመቱን ሙሉ “አየችኝ ይሆን?” እያለ ሲያስብ ከርሞ ይሆናል። ይቅርታ ካለዎት ይቀበሉት። በነገሩ ከሳቀም ተቀይመው ስልኩን አይዝጉ። የኛ ሰው ሲያፍር ይስቃል።

በዚያው ጥሪ የሰኔውን ግብዣ ይንገሩት፤ የት እንደሚሻል፣ ስንት ሰው እንደምትሆኑ፣ ቲፑን ማን እንደሚይዝ። ቅዳሜ ቢደውሉ ጥሩ ነው። በዚህ ወቅት እነሱ ከእኛ በሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። እርስዎ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሲደውሉ እሱ ጋ ጠዋት 3 ሰዓት ይሆናል፤ ልጆቹ ሳይነሱ፣ ቡናውን ይዞ ሊያገኙት ይችላሉ።